መርካቶ ምግብ አይጠፋም

ምስጋና ይቅደም። ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከሰሚት ድረስ ነዳጅ አቃጥላችሁ፣ ሲመሽ ምን አለሽ ተራ ጥግ መኪናችሁን አቁማችሁ፣ አንዲት ካርቶን ቀስ ብላችሁ አውርዳችሁ መብራት ሳታበሩ ለምትሄዱ ደጋግ ሰዎች፣ እኛ የመርካቶ ልጆች እጅ ነስተናል።

«ቡችላ መግደል ኃጢአት ነው፤ ነፍስ ነው። መርካቶ ደግሞ ምግብ አይጠፋም» ትላላችሁ። ከልባችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህም ነው ቡችሎቹን ከነሕይወታቸው ለአይሱዙ ጎማ የምታስረክቡት። ኃጢአቱን ጎማው ይሸከም፤ እሱ እንደሆነ ንስሐ አባት የለው።

አመራረጣችሁም ይደነቃል። ቡችላ ሲታደል የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንድ ነው?» ነው። ወንዶቹ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጌታ ያገኛሉ፤ ሴቶቹ ካርቶን። ለምን ቢሉ፣ ሴት ውሻ ትወልዳለቻ! እንዳትወልድም ታስቦ ገበያ መሀል፣ ከሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ጋር ትለቀቃለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለቴ መውለድም አያቅታትም። ዘንድሮ የጣላችኋት ለከርሞ ስትመጡ ከነቤተሰቧ ትቀበላችኋለች።

«ለምን አታስመክኗትም?» ያላችሁ ሰው እንዳለ ሰምተን በእናንተ ፋንታ ተቆጣን። ተፈጥሮን መጋፋት! ይህን የምትሉት እኮ ለፋሲካ ገበያ ወርዳችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ የፍየሉን ኋላ እየዳበሳችሁ ነው። ሙክት ካልሆነ «ይሄማ ወጠጤ ነው» ብላችሁ ዋጋ ትሰብራላችሁ። በሬውን፣ በጉን፣ ፍየሉን ሲያኮላሽ የኖረ አገር ውሻ ላይ ሲደርስ የተፈጥሮ ጠበቃ ይሆናል። ውሻ አይበላማ፤ ለማይበላ ነገር ማን የሐኪም ይከፍላል?

«ልጄ አለቀሰብኝ» ብላችሁ ቡችላ የወሰዳችሁትንም አልረሳንም። የመጀመሪያው ወር ላይ ስሙ ቡቺ ነው፤ ወተት አለ፣ ፎቶ አለ። በሦስተኛው ወር ጫማ በላ። በስድስተኛው ከግቢው በር ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስሯል፤ ቀን ቀን ማንም አይነካውም፤ «እንዲቆጣ ነው» ይባላል። ሲቆጣ ደግሞ «አስቸገረ» ተብሎ መኪና ይሳፈራል። የት እንደሚወርድ መንገር አያስፈልግም።

ሕጉንም ጠንቅቃችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት፣ ድንገት አምልጦም ቢሆን፣ ባለቤቱ ይጠየቃል ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባለቤት አለመሆን። ካርቶኗ ከወረደች በኋላ ውሻው የሰፈሩ፣ ንክሻው የሊስትሮው ነው።

ንክሻው ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ አዲስ አበባ ውስጥ በወረርሽኝነት የተመዘገበው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ እዚህ ሳያመጣው በፊት። በሽታው በዕድሜ የመርካቶ ታላቅ ነው ማለት ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ቢባል ይቀላል። የተነከሰ ሰው ወደ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሮጥ ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። እዚያም ከበግ አንጎል የተሠራ ክትባት ቀናት ተከታትሎ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ለውሻችን በግ ተሠዋ እንግዲህ። በጉ እንኳ ከእኛ የተሻለ ኃላፊነት ወሰደ።

ውሻው ሲበዛ ደግሞ ከተማዋ ለዓመታት ያወቀችው ግብዣ አለ። ማታ ሥጋ ይታደላል፤ ውስጡ ስትሪክኒን። ሌሊቱን ሲንፈራገጥ ያደረው ጠዋት ይለቀማል፤ ማታ አዲስ ካርቶን ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ከ100 ውሾች 70ውን ከትቡ፣ በሽታው ይቆማል» ይላል። ክትባት ግን ውሻውን ይዞ የሚቀርብ ሰው ይፈልጋል፤ መርዝ እንደዚህ ያለ ጣጣ የለበትም።

በክረምት አንድ ማለዳ ምን አለሽ ተራ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ሁሉ እዚያ ይወርዳል፤ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የተቃጠለ ምጣድ። አንድ ሽማግሌ የጎበጠ ሚስማር በድንጋይ ላይ አስተኝተው እያቃኑ በመጠን በመጠኑ ይደረድራሉ። አጠገባቸው በገመድ የታሰረ የፓስታ ካርቶን ተቀምጧል። አንድ ወጣት ዕቃ አገኘሁ ብሎ ገመዱን በጠሰ። አራት ቡችሎች። አንዷ እያዛጋች ወደ እሳቸው ዳኸች።

«ጋሼ፣ ይቺስ ምን ታወጣለች?»

መዶሻቸውን አስቀመጡ፤ ቡችላዋን በአንድ እጃቸው አንስተው ሆዷን ገልበጥ አድርገው አዩ።

«ሴት ናት» አሉና መለሷት። «ሁሉም ሴት ናቸው። እስቲ ካርቶኑን አሳየኝ፤ ዝናብ ነክቶታል?»

አልነካውም። ልጁ ቡችሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ቱቦው አጠገብ አስቀመጣቸው። ሻዬን ሳልጨርስ ካርቶኑ ተሸጠ።