የቢላ እጀታ ሁለት ጉንጮች፦ ስለ ቀለማቸው አለመስማማት የቀረበ ጥናት

ስለ እንጀራ ዓይን፣ ስለ ቡና አፈላልና ስለ ዶሮ 12 ብልት ብዙ ተብሏል። ዶሮዋን ለ12 ስለሚበልታት ቢላ የተባለው ግን ጥቂት ነው፤ ስለ እጀታው ደግሞ «ወለቀ» ከመባል ያለፈ ነገር አልተባለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ተዘጋጅቷል።

ለዚህ ጥናት ሲባል «ጉንጭ» የሚባሉት ከቢላው ብረት ጅራት ግራና ቀኝ ተለጥፈው በሚስማር የተያዙት ሁለት እንጨቶች ናቸው። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። ማነሱ ቅር ያሰኘው አንባቢ ወደ ገዛ ኩሽናው ገብቶ ማረጋገጥ ይችላል፦ በማንኛውም ቤት ቢላ ብዙ ነው፣ የሚቆርጠው ግን አንድ ነው። የቀሩት በሠርግ ስጦታነት ከነማስቀመጫቸው የመጡ ሲሆኑ ተግባራቸው ለእንግዳ መታየት ነው፤ ቲማቲም ሲቀርብላቸው ያፈርጡታል።

ናሙናው ከመርካቶ የተገዛ ነው። ስለቱ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣ ሲሆን ሲዶለዱም በደረጃው ጠርዝ ይሳላል። ቀኝ ጉንጩ የጠቆረ ቡናማ ነው፤ መዳፍ የሚያርፍበት ወገቡ ያብረቀርቃል። ግራ ጉንጩ ማር የመሰለ ቢጫ ነው። በ3ቱ ሚስማሮች ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይታያል። ከኋለኛው ሚስማር ተነስታ ወደ ጫፉ የምትሄድ ስንጥቅም አለች፤ ውስጧ ከየትኛው በዓል እንደተረፈ የማይታወቅ በርበሬ ተቀምጧል።

ስለዚህ የቀለም ልዩነት በአካባቢው ሦስት ጎራዎች አሉ። ጎራዎቹ ተገናኝተው ተከራክረው አያውቁም፤ እያንዳንዱ ሌላው በሌለበት ያሸንፋል።

የመጀመሪያው «ተለወጠብን» የሚለው ጎራ ነው። መሪው የጎረቤት እትዬ ናቸው። እንደሚታወቀው ድግስ ሲኖር ድስትና ቢላ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ድስት በጥፍር ቀለም፣ ቢላ በክር ምልክት ተደርጎበት ይሄዳል፤ ያም ሆኖ የሄደው ሁሉ ራሱ ሆኖ አይመለስም። የእትዬ አቋም ግን ከዚህም ይረቃል። እርሳቸው እንደሚሉት የተለወጠው አንደኛው ጉንጭ ብቻ እንጂ ቢላው አይደለም። በወጥ ጭስ መሀል ሚስማር ነቅሎ፣ ጉንጭ አላቅቆ፣ ሌላ ጉንጭ ገጥሞ መልሶ የሚመታ ሰው ምን ሊጠቀም ነው ተብለው ሲጠየቁ «የሰው ነገር» ብለው መልሰዋል። መልሱን ማረጋገጥም ሆነ ማስተባበል ስለማይቻል ጥናቱ በአክብሮት አልፎታል።

ሁለተኛው የነጋዴው ጎራ ነው። ቢላው ሲሸጥ የሁለቱ ጉንጮች ልዩነት ገና ያኔ በመጠኑ ይታይ ነበርና ሲጠየቅ «ወይራ ነው፤ ተፈጥሮው ነው» ብሏል። የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ክፍል እውነት ነው። የግንድ መሀሉ፣ ልበ እንጨት የሚባለው፣ ውሃ ማመላለስ ያቆመና ዛፉ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች ያከማቸበት በመሆኑ በብዙ ዛፎች ላይ የጠቆረ ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለው ውጨኛው እንጨት ደግሞ ውሃ ሲያመላልስ የኖረ ነውና ነጣ ይላል። በወይራ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ልቡ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮችም አሉት። ስለዚህ አንዱ ጉንጭ ከልብ፣ ሌላው ከዳር ከተቆረጠ ከአንድ ዛፍ ወጥተውም አይመሳሰሉም። የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ክፍል ግን አጠራጣሪ ነው። እንጨቱ ወይራ ከሆነ የአገር ተወላጅ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ዘመዶቹ በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብለው የገቡ የአውስትራሊያ ሰዎች ናቸው። ለመለየት ከእጀታው ቀጭን ስንጣሪ አንስቶ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ስለት በቤቱ ያለው ናሙናው ራሱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ናሙናው ደግሞ የራሱን እጀታ መቁረጥ ስለማይችል ምርመራው ቀርቷል።

ሦስተኛው የእድፍ ጎራ ሲሆን የሚመራው በአጥኚው ባለቤት ነው። አቋሙ አጭር ነው፦ «እሽት ተደርጎ ስላልታጠበ ነው።» ይህ ጎራ ከሌሎቹ የሚለየው በተግባር መሞከሩ ነው፤ እጀታው በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ታሽቷል። አጥኚው ውጤቱን በቅርብ ተከታትሏል። ወዙ ለቀቀ፣ ግራ ጉንጩ ሻከረ፤ የሚስማሮቹ ጥቁር ቀለበት ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱም ቀለበቱ እድፍ አይደለም። በእንጨት ውስጥ ታኒን የሚባል፣ ቆዳ የሚለፋበት ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። የሚስማሩ ብረት በእርጥበት ዝጎ ከታኒኑ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ውህድ ይፈጥራል። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት መዝገብና ውል የተጻፈው በዚሁ መንገድ በተሠራ ቀለም ነው። እንግዲህ የእድፍ ጎራ ሲያሽ የከረመው የጽሕፈት ቀለም ነበር ማለት ነው። ይህ ግኝት በቤቱ ውስጥ እስካሁን ይፋ አልተደረገም። ሎሚ ሲታሽበት ቀለበቱ ፈዘዝ ይላል፤ አሲዱ ብረቱን ይዞ ይወጣልና። ሚስማሩ ግን እዚያው ስላለ ውሃ ሲነካው እንደገና ይጠቁራል። ሎሚውም ለሰላጣ የተገዛ ነበር።

ሦስቱም ጎራዎች የዘለሉት ነገር ቢኖር የእጁ ጉዳይ ነው። ቀኝ እጅ ቢላ ሲይዝ መዳፍ የሚጫነው በቀኝ ጉንጭ ላይ ነው። መዳፉ ላብና ቅባት አለው፤ በበዓል ሰሞን ቅቤም አለው። የበርበሬ ቀይ ቀለም በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ቅቤ የነካው እጅ ቀለሙን ይዞ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ያስገባዋል፣ በውሃ መለቅለቅም አያስወጣውም። ቀኝ ጉንጭ የጠቆረው በዚህ ነው። ቢላው ሥራ ሲፈታ ደግሞ በመስኮቱ ደፍ ላይ ግራ ጉንጩን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል። እዚያ ፀሐይ ታገኘዋለች። የእንጨትን ጭረቶች አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ብርሃን ሲመታው እየተሰባበረ ቢጫና ቡናማ ውህዶች ይሰጣል፤ የቆየ ጋዜጣ የሚወይበውም በዚሁ ነው። የእርድ ጉዳይ የበለጠ አስደናቂ ነው። እርድ ሁለቱንም ጉንጭ እኩል ያቀልማል፤ ግን ቀለሙ ብርሃን ስለማይችል በግራ በኩል እየጠፋ በቀኝ በኩል ይቀራል። የአልጫ ማስረጃ ያለው እንግዲህ በአንድ ወገን ብቻ ነው።

ሁሉም እንጨት በዕድሜ ይጠቁራል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። የዋልነት እንጨት በብርሃን ብዛት እየነጣ ይሄዳል። አፍሪካዊው ፓዱክ የሚባለው ሲቆረጥ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፤ በቀዩ ተማርኮ የገዛ ሰው የተታለለ ይመስለዋል። በውጭ አገር አንዳንድ ቢላ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ይጽፉታል። የመርካቶው ነጋዴ በቃል ነግሮናል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ግኝቱን ሥራ ላይ ለማዋል አጥኚው ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄዷል። በመዝገቡ ላይ «ቢላ፣ እጀታው ቡናማ፣ 6» የሚል ተጽፏል። አብዛኛው እጀታ በመጨረሻ ቡናማ ስለሚሆን ይህ አመዘጋገብ ምንም እንደማይለይ፣ የግራና የቀኝ ጉንጭ ቀለም ለየብቻ ቢጻፍ ግን ጭቅጭቅ እንደሚቀንስ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ አስረድቷል።

«ጋሼ፣ ለምሳሌ የዚህኛው ግራ ጉንጭ ፀሐይ ያየ ነው፤ የዚያኛው ግን...»

ጋሼ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ከስድስቱ አንዱን አንስተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና «እንካ ልጄ፣ ይሄኛው ይቆርጣል። ሽንኩርቱ እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ ደክሟቸዋል» አሉት።

በቀጣዮቹ ሰዓታት የአጥኚው ዓይን በእንባ በመሞላቱ የቀሩትን 5 ቢላዎች የጉንጭ ቀለም መመዝገብ አልተቻለም።