የ4,294,967,297ን ማዕረግ ለመግፈፍ የወጣ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! 4,294,967,297 የተባለው ቁጥር ከ1640 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያላግባብ ተሰጥቶት የነበረው የ«ብቸኛ ቁጥር» ማዕረግ ተገፏል። ብቸኛ የሚባለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። ተጠሪው ግን ማዕረጉን ያገኘው ተፈትኖ ሳይሆን በዘር ነው። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ በየውጤቱ ላይ 1 የጨመረ ሰው 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን ያገኛል፤ አምስቱም ብቸኞች ናቸው። ተጠሪው 32 ሁለቶች ተባዝተው፣ 1 ተጨምሮ የተገኘ ስድስተኛ ወንድማቸው ነው። ፈረንሳዊው ፒዬር ደ ፌርማ ታላላቆቹን አይቶ ታናሹንም፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡትንም ሁሉ ብቸኞች ናቸው አለ። ማረጋገጫ እንደሌለው አልደበቀም፤ ያም ሆኖ የቱሉዝ ፍርድ ቤት ሹም የነበረው እሱ ምስክር ሳይሰማ ወደ ፍርዱ ማዘንበሉ ያስተዛዝባል።

ምስክሩን ያቀረበው የሒሳብ ሊቁ ሌናርድ ኦይለር ነው። በ1732 እ.ኤ.አ. ተጠሪው የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። ኦይለር ኋላ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ስለዚህ ፈታኙ 193፣ 257፣ 449፣ 577 ብሎ አምስተኛው ላይ 641ን ያገኛል፤ ዘጠና ሁለት ዓመት የቆየ ማዕረግ ለመግፈፍ አምስት ማካፈል በቃ! ሁለተኛ ምስክር ለሚሻም አለ። ተጠሪው የ65,536 እና የ1 ካሬዎች ድምር ነው፤ የ62,264 እና የ20,449 ካሬዎች ድምርም ነው። እውነተኛ ብቸኛ ቁጥር እንዲህ በሁለት መንገድ አይገኝም።

«አምስት ወንድሞቹ ብቸኞች ከሆኑ እሱ ለምን ይለያል?» የሚል አቤቱታ ቀርቧል። አምስቱ የመሰከሩት ስለ ራሳቸው ብቻ ነው። እንዲያውም ከስድስተኛው እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ያሉት 28 ወንድማማቾች ተፈትነው አንድም ብቸኛ አልተገኘባቸውም። እዚህ ላይ «እንግዲያስ ሠላሳ አራተኛውም ያው ነው» የሚል ችኩል ይነሣ ይሆናል። ይህ የፌርማን ስሕተት ገልብጦ መድገም ስለሆነ ውድቅ ተደርጓል። «ማዕረጉ ቢቀርለት ማንን ይጎዳል?» ላሉትም መልሳችን፣ ማዕረጉ መብት ያስከትላል የሚል ነው። የሒሳብ ሊቁ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1796 እ.ኤ.አ. ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ምስል በኮምፓስና ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ መሣል እንደሚቻል ያሳየው፣ 17 የዚህ ቤተሰብ ልጅም ብቸኛ ቁጥርም ስለሆነ ነው። ተጠሪው ይህ መብት የለውም። ባለ 4,294,967,297 ጎን ምስል በዚሁ መንገድ ለመሣል የተዘጋጀ ዜጋ ካለ ኮምፓሱን ይመልስ።

ሠላሳ አራተኛው ወንድም ተፈትኖ እስኪለይለት ድረስ ያለ ማዕረግ ይቆያል። ደጋፊዎቹም ሆኑ ተቃዋሚዎቹ ማረጋገጫ ይዘው ይቅረቡ፤ የዘር ሐረግ ብቻ ይዞ የመጣ አይስተናገድም።