ባለቤት አልባው ፖም

አፕል ዕቃውን ቻይና ውስጥ ሲያስገጣጥም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ የመጀመሪያውን የቻይና ሱቁን ከፈተ፤ የሠሩትን መልሶ ሊሸጥላቸው። በ2011 እዚያው አገር ኩንሚንግ ከተማ ውስጥ አስመሳይ የአፕል ሱቆች ተገኙና አገር ጉድ አለ፤ ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ለአፕል የተቀጠሩ መስሏቸው ነበር።

ስድስት ኪሎ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። አፕል በአፍሪካ አንድም የራሱ ሱቅ ስለሌለው፣ የተገመጠችው ፖም የየትኛውም ሱቅ መስታወት ላይ ብትለጠፍ አስመሳይ የሚባል የለም። እውነተኛው በሌለበት ማን ከማን ይለያል? የሼንዘኑ ቴክኖ ስልክ ደግሞ፣ በአገሩ ዞር ብሎ የሚያየው አጥቶ፣ እዚህ አማርኛ ለምዶ በየተማሪው ኪስ ተደላድሏል።

«ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ የዱባይ!» ይላል ሻጩ።

ዋስትናውስ?

እስከ የካቲት 12 አደባባይ ድረስ የሱቁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፈጣሪ።