ያልወጣው ክራንቻ
ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ ስንጓዝ መኪናችን ብልባላ ላይ ተበላሸ። ማደር ግድ ሆነ። አንዲት እናት «ቤት የእግዜር ነው» ብለው አስገቡኝ። ማልጄ ከዐለት የተፈለፈለውን ብልባላ ጊዮርጊስን ለመሳለም አስቤ ነበር፤ አልሆነም።

የሰባት ወር የልጅ ልጃቸው ትኩሳትና ተቅማጥ ይዞት ያለቅሳል። እማማ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን አሳዩኝ። በግራም በቀኝም ነጣ ያለ እብጠት አለ።

«ግግ ነው። ነገ ጠዋት የሚያወጣለት ሰው ይመጣል» አሉኝ።

እንቅልፌ ጠፋ። የሕፃን ጥርስ መሠራት የሚጀምረው እናቱ ማህፀን ውስጥ ነው፤ ሲወለድ 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ድዱ ውስጥ ተደብቀዋል። በስድስት ወር ገደማ የታች የፊት ጥርሶች ብቅ ይላሉ። ክራንቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ወር በፊት አይወጣም፤ እስከዚያ ድዱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ግግ የሚሉት እብጠት ይኸው ነው። ልጁ ደግሞ በዚያው ሰሞን መዳህና ያገኘውን ሁሉ አፉ መክተት ይጀምራል፤ ተቅማጡም ይከተላል። ጥፋቱ ግን በጥርሱ ይላከካል። ድዱ በስለት ሲቆፈር ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር በመሠራት ላይ ያለው ቋሚ ክራንቻም ይጎዳል።

«እማማ፣ እባክዎ አያስቆፍሩት፤ ጥርሱ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አባቱንም አስወጥቼለት ነው ያደገልኝ።»

አባትየው ኩራዙን አስጠግቶ አፉን ከፈተ። ከታች በግራ ክራንቻ የለውም። የቀኙ ጠማማ ነው፤ ላዩ ቡናማና ጎድጓዳ። «ከበቀለ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለ። እማማ ኩራዙን ተቀብለው ደግመው አዩት። ከዚያ «በሉ ሐኪም ይየው» አሉ።

ጎህ ሲቀድ እናትየው ልጁን አዝላ፣ አባትየውና ታላቅ እህቱም ተከትለውን፣ በጭቃ ጤና ጣቢያ ደረስን። መኪናው ጥሎኝ እንደሄደ የሰማሁት እዚያ ነው፤ ግድ አልሰጠኝም። ነርሷ ኦአርኤስና ዚንክ ሰጠች፤ ጡቱ እንዳይቋረጥ አጥብቃ ነገረቻቸው።

ቀጥላ የስድስት ዓመቷን እህቱን አፍ አየች። ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ በቅሏል። ይህ ጥርስ ሌላ ሳይወልቅለት ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ሲበላም «ይለወጣል» ብሎ ይተወዋል። ተተኪ ግን የለውም። በጣም የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

አባትየው ከኪሱ አዲስ መፋቂያ አወጣ። «እስከዚያ ይደርሳል?»

«ጫፉን አለስልስና ከኋላ ጀምርላት» አለችው።