አክተሩ የቦሱ ደሞዝተኛ

በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው የሚያውቀው ሕግ አጭር ነው። አክተሩ አይሞትም፣ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ ማን ማን እንደሆነ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ይለያል። ጆርጅ ሉካስ ይህ ሕግ ለተራ ተመልካች የወጣ መሆኑን ስለተረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ድረስ የስታር ዋርስን የቀድሞ ታሪክ የሚተርኩ ሦስት ፊልሞችን ሠርቶ ዓለምን ከዚህ ኋላ ቀርነት ለማውጣት ደክሟል። ሦስቱን አይቶ ለመጨረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አክተሩ ማን እንደነበር ለማወቅ ግን ያ ጊዜ አይበቃም።

በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ስታር ዋርስ በዚህ ረገድ ችኩል ነበር። ዳርዝ ቬደር ጥቁር ለብሶ ከጭሱ መሃል ብቅ ይላል፣ አንዱን መኮንን ጉሮሮውን አንቆ ከመሬት ያነሳዋል፤ በቃ፣ ተመልካቹ ማንን መፍራት እንዳለበት ገብቶታል። በ1999 የወጣው «ዘ ፋንተም ሜናስ» እንዲህ ያለ ጥድፊያ የለበትም። የሚጀምረው በንግድ መስመር ላይ በተጣለ ቀረጥ የተነሳ ውዝግብን በማብራራት ነው። የክፋቱ ጦር አዛዦች ድምፃቸው የሚርበደበድ የንግድ ማኅበር ሹማምንት ናቸው፤ ጦሩ ራሱ ደግሞ ሮቦት ነው። ሮቦት ሲቆረጥ አይደማም፣ የሚያለቅስለትም ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ ጀግኖቹ እንደ ልባቸው ይከታትፉታል፣ ማንም ግን አይደነቅም። የሁሉም ሮቦት ነፍስ ያለችው ሰማይ ላይ በቆመች በአንዲት መርከብ ውስጥ ነው። ኋላ ዳርዝ ቬደር የሚሆነው የዘጠኝ ዓመቱ አናኪን ተደብቆ የተቀመጠባት አውሮፕላን በራሷ ተነስታ ወደ ውጊያው ትወስደዋለች፤ የመርከቧ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይተኩሳል፤ ያነጣጠረው ሌላ፣ የመታው ሌላ ሆኖ መርከቧ ትፈነዳለች። ምድር ላይ ያለው ጦርም ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ጀግንነት ማለት ይኸው ነው፤ ሳያስቡት የሚሠራ፣ የማያደክም።

ሉካስ ክፉዎቹን የሚያስተናግድበት ቁጠባ ደግሞ ለብቻው ይነሳ። ቡና እንኳ ቶናና በረካ አለው፤ የእነዚህ ፊልሞች ቦስ ግን አቦል ላይ ያልቃል። ዳርዝ ማውል ፊቱ ቀይና ጥቁር፣ ራሱ ላይ ቀንድ የበቀለበት፣ ባለ ሁለት አፍ የብርሃን ሰይፍ የያዘ አስፈሪ ፍጡር ነበር። በፊልሙ ሙሉ የሚናገረው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ወጣቱ ጀግና ኦቢ-ዋን ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሳለ ማውል ከላይ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ኦቢ-ዋን ዘልሎ በአናቱ ላይ ሲያልፍም፣ ቆስሎ የወደቀ መምህሩን ሰይፍ ወደ እጁ ሲስብም ማውል ማየቱን አልተወም። ከዚያ ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ለሦስት ፊልም የሚበቃ ቂም በአንድ ፊልም ተቀበረ።

በእሱ ቦታ የመጣው ካውንት ዱኩ፣ ያውም በክሪስቶፈር ሊ ግርማ ሞገስ፣ በሁለተኛው ፊልም ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ይገባና በሦስተኛው መግቢያ ላይ አንገቱ ይቀላል። ቀጥሎ የሚያስል ጄኔራል መጣ፤ ግሪቨስ። አራት ሰይፍ ባንዴ ቢያሽከረክርም የሞተው በሽጉጥ ነው። ተመልካች አንዱን ጠልቶ ሳይጨርስ ሌላ ተተካለት፤ ጥላቻም ጊዜ ይፈልጋል እኮ። በ2012 የካርቱን ተከታታዩ «ዘ ክሎን ዋርስ» ያንን ወገበ ቆራጣ ማውል በብረት እግር መልሶ አስነስቶታል። መቃብር ተከፍቶ ቦስ የሚፈለግበት ጊዜ እንደሚመጣ በ1999 ማን ገመተ?

ክፉው እንዲህ ከጠፋ ክፋቱን ማን ይሥራ? ጀግኖቹ ናቸው እንጂ። የጄዳይ ማኅበር ጠቢባን በሁለተኛው ፊልም ያላዘዙት ጦር ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ሁለት መቶ ሺህ የደረሰ፣ ሚሊዮን ደግሞ በመንገድ ላይ። ያዘዘላቸው ከሞተ የቆየ ባልደረባቸው ነው ተባለ። ወታደሮቹ የተቀዱት ደግሞ የሴናተር ፓድሜን ግድያ ሲያቀነባብር ከነበረ ቅጥረኛ ነው። ጠቢባኑ ይህን ሁሉ ሰምተው ምን አደረጉ? ጦሩን ተረክበው ዘመቱ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እነዚህ ግን መጫኛውንም ራሳቸው ገምደው ያመጡ ይመስላሉ። ይባስ ብሎ፣ ሴኔቱን የሚዘውረው የጄዳዮቹ ጠላት የሆነ የሲዝ ጌታ መሆኑን ዱኩ ራሱ ለታሰረው ኦቢ-ዋን ነግሮታል። በፊልሙ እውነት የተናገረው ክፉው ነው፤ ውሸታም ተባለ። ሁለቱንም ተፋላሚ ወገን የሚያዝዘው ይኸው የሲዝ ጌታ፣ ፓልፓቲን ስለሆነ፣ ጄዳዮቹ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ለእሱ ነው የሚሠሩት።

አናኪንም ከዚህ ማኅበር የተማረውን ተምሯል። እናቱ ባሪያ ሆና ከቀረች አስር ዓመት አለፈ፤ የጋላክሲውን ሰላም ከሚጠብቁት መሃል ሄዶ የሚቤዣት አልተገኘም። ነፃ ያወጣት አንድ የበረሃ ገበሬ ነው። ኋላ ተማረከች፤ ልጇ ሲደርስ በእቅፉ ሞተች፤ እሱም የማረኳትን ሰዎች ሰፈር ከነሴቱ ከነሕፃኑ ጨረሰ። ይህን ለፓድሜ ሲነግራት መናደድ የሰው ባሕርይ ነው ብላ አጽናናችው፤ ኋላም አገባችው። በሦስተኛው ፊልም የወደቀው እንግዲህ ይህ ጀግና ነው። ከየት ላይ እንደወደቀ ግን ፊልሙ አያሳይም። በ1977ቱ ፊልም ሽማግሌው ኦቢ-ዋን ጎበዝ አብራሪና ጥሩ ወዳጅ ብሎ ያወደሰው አናኪን በሦስቱም ፊልሞች በወሬ ብቻ ይኖራል። ሁለቱ ሊፍት ውስጥ ቆመው ድሮ እንዴት ከአውሬ ጎሬ እንደተረፉ እየሳቁ ያወራሉ፤ ተመልካቹ ያላየውን ጀብዱ። ከዚያ ሊፍቱ ይከፈታል፣ መጨቃጨቁ ይጀምራል።

ፍትሕ ላለማጉደል፣ በሦስተኛው ፊልም የኦፔራ ቤቱ ትዕይንት አለ። ኢያን ማክዲያርሚድ ፓልፓቲንን ሆኖ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ እንዳትሞትበት ለሚሰጋው ወጣት ሞትን ስላስቀረ ጌታ ይተርክለታል። ሰይፍ የለም፣ ፍንዳታ የለም፤ ክፋት ማለት ምን እንደሆነ ግን ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። ፊልሙ ይህ ብልጭታ ያሳፈረው ይመስል ወዲያው ይካካሳል። አናኪን «ምን አደረግሁ» ብሎ በደነገጠበት ትንፋሽ ተንበርክኮ አዲስ ስም ይቀበላል፣ ብዙም ሳይቆይ ቤተ መቅደሱ ገብቶ ሕፃናት ይገድላል። የዚሁ ፊልም የመክፈቻ ጽሑፍ በሁለቱም ወገን ጀግኖች እንዳሉና ክፋት በየቦታው እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ተረጋግጧል፤ የመጀመሪያውን ግን ተመልካች እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ይቀራል።

ከሁሉ የሚልቀው ጥበብ የተቀመጠው ለመዝጊያው ነው። ሁሉ ነገር ከፈረሰ በኋላ የተረፉት ጠቢባን አዲስ የተወለደውን የአናኪን ልጅ ሉክን ከአባቱ ሊሰውሩት ይመክራሉ። ጋላክሲው ሰፊ ነው። እነሱ ግን አባቱ ያደገባትን ታቱዊንን መረጡ፤ የአባቱ የእንጀራ ወንድም ቤት አስቀመጡት፤ ስካይዎከር የሚለውንም ስም አልቀየሩበትም። ሊጠብቀው እዚያው የቀረው ኦቢ-ዋን ለጥንቃቄ ብሎ ስሙን ቤን አለው፤ ኬኖቢን ግን አልነካትም።