ስለ ጃኬት ምርጫና ስለ ኮሶዬ ቁልቁለት

ከሁሉ አስቀድሞ የስሜን ብርድ እኔ የፈጠርሁት ወሬ አለመሆኑን በጥንታዊ ጽሑፍ ላስመሰክር። ስሙ ሳይታወቅ የቀረ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ድል የነሣቸውን አሕዛብ በተራ ሲቆጥር፣ ከዓባይ ማዶ (ተከዜን ማለቱ ይመስላል) ለመውጣት እጅግ አዳጋች በሆኑ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች ያነሣና፣ በሀገራቸው ውርጭና በረዶ እንደማይለይ፣ አመዳዩም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይተርካል፤ ድንጋዩ ዛሬ ጠፍቶ ቢቀርም፣ ኮስማስ የተባለው መንገደኛ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ሲያልፍ ቃሉን ስለ ገለበጠው ምስክርነቱ ለእኛ ደርሷል። ንጉሡ ድሉን ሲዘረዝር ብዙ ተናግሯል፤ ሠራዊቱ በዚያ አመዳይ ውስጥ ምን ለብሶ እንደ ወጣ ግን በዚያ ድንጋይ ላይ አናገኝም።

እኔ ንጉሥ አይደለሁም፤ ሠራዊትም የለኝም፤ ያለኝ ማርሹ አልፎ አልፎ የሚያምፅ አንድ የተራራ ብስክሌትና ወር ሳይሞላ የሚያልቅ የመምህርነት ደመወዝ ነው። ስለዚህም ንጉሡ ሳይመልሰው የቀረውን ጥያቄ፣ ይኸውም በጎንደርና በደባርቅ መካከል በተዘረጋው ደጋ ላይ ብስክሌት የሚነዳ፣ እጁም ያጠረው ሰው ምን ይልበስ የሚለውን፣ መንገዱ ለብስክሌተኛ ሰላም በነበረበት ወራት ለመመርመር ቆርጬ ተነሣሁ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነች፤ ከደባርቅ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ የሚገባውም ጥርጊያ መንገድ ሳንቃበር ላይ 3,250፣ ጨነቅ ላይ ደግሞ 3,600 ሜትር ያህል ይደርሳል። የአየርን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት 1,000 ሜትር ሽቅብ የወጣ ሰው 6.5 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚያጣ፣ ፒያሳ በሸሚዝ ተቀምጦ ማኪያቶ የሚጠጣው ጎንደሬ ሳንቃበር ሲደርስ 7 ዲግሪ ያህል ተቀንሶበታል ማለት ነው፤ ይህም በቀትር ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በዚያ ከፍታ ውኃው ረግቶ ያድራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ከጉሙ ጋር ተማክሮ ይወርዳል።

ዳሩ ግን ብስክሌተኛን የሚያጠቃው ከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በወፍራም ካፖርት ባለቀ ነበር። በዚሁ በጎንደርና በደባርቅ መንገድ ላይ ከወለቃ ተነሥቶ ወደ ኮሶዬ የሚወጣ ሰው ሥጋው እንደ እሳት እየነደደ፣ ላቡም ከግንባሩ እስከ ወገቡ እየወረደ፣ የለበሰውን ሁሉ ለመጣል ይመኛል፤ ኮሶዬ ደርሶ ያን ከእግር በታች ተገምሶ የሚታየውን ገደል አይቶና ፈጣሪውን አመስግኖ ፊቱን ወደ ጎንደር ሲመልስ ግን፣ ያው ላብ ጠላት ሆኖ ይነሣበታል። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ የሚል ቢሆንም፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ለሚበር ሰው በቆዳው ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች እንደ ሆነ ያህል ነው፤ ነፋሱ በሰውነቱ ዙሪያ ያለውን ሞቃት አየር ይገፈዋል፤ እርጥቡ ሸሚዝ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ሰውዬው እንግዲህ ባንዲት ረፋድ በቆላም በውርጭም ይኖራል፤ የሚሸጡት ጃኬቶች ግን ከሁለቱ ላንዱ ብቻ የተሰፉ ናቸው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሐተታ በትዕግሥት ከሰማች በኋላ፣ «ጋቢው ምን አለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጋቢን የሚነቅፍ ምላስ የለኝም። አራት ድርብ ሆኖ በየድርቡ መካከል አየር እያገተ ሰውን እንዴት እንደሚያሞቅ ለመረዳት የሚፈልግ ቢኖር፣ የጥር 10 ሌሊት በፋሲል መዋኛ አጠገብ ታቦታቱን አጅቦ የሚያድረውን ሕዝብ ይመልከት። ነገር ግን ጋቢ ለሚቆም፣ ለሚቀመጥና ለሚጸልይ ሰው የተሠራ ክቡር ልብስ ነው፤ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ጫፉ ወደ ካቴናው ያዘነብላል፤ ካቴናውም የያዘውን አይለቅም፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጥጥ ስለ ሆነ ውኃውን ጠጥቶ ለባለቤቱ የሁለተኛ ሰው ያህል ሸክም ይሆንበታል። የደጋው እረኛ ይህን ከጥንት ስለሚያውቅ በጋቢው ላይ ከሣር የተሠራ ገሳ ይደርባል፤ ነገር ግን እረኛው ገሳውን ለብሶ ቁልቁል በ40 ኪሎ ሜትር አይበርም፤ ፍሬን ስለሌለው መሰለኝ። በነገሩ የተሳካለት ጭላዳ ብቻ ነው፤ እርሱ ካፖርቱን ያለ ዋጋ ተቀብሎ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣሩን እየነጨ እኛን ብስክሌተኞችን በትዝብት ያያል።

እንዲህ ሆኖ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ቅዳሜ ገበያ፣ ወደ ሰልባጅ ተራ ወረድሁ። ልባሽ ጨርቅ ከውጭ እንዳይገባ ሕግ የሚከለክል መሆኑን አላጣሁትም፤ ሆኖም የአውሮፓ ብርድ አንድ ጊዜ የፈተነው ጃኬት ክምር ሆኖ እዚያ ተዘርግቶ እያለ፣ አዲሱ በሱቅ መስኮት ውስጥ የደመወዜን እኩሌታ ሲጠይቀኝ፣ ሕሊናዬ ከኪሴ ጋር ተማክሮ ዝም አለ።

ሻጩ ፊቱ የበራ ጎልማሳ ሲሆን፣ የጃኬት ሙቀት የሚለካው በሚዛን ነው ብሎ የሚያምን ነበር። ኮሌታው ጠጉራም የሆነ፣ ለብቻው ሊቆም የሚችል አንድ ግዙፍ ነገር ከክምሩ መዝዞ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ያንሡት፤ ክብደቱን ይዩልኝ!» አለኝ። አነሣሁት፤ በግ ያነሣሁ መሰለኝ። «ከስዊድን የመጣ ነው» ሲል ጨመረ።

«በምን አወቅህ?»

«ክብደቱ ይናገራላ፣ ጋሼ።»

ለቆመ ሰው የተሰፋ መሆኑን፣ እኔ ግን ዳገት እንደምወጣ ባስረዳው፣ «ዳገት ሲወጡ ያውልቁታ» አለ፤ አውልቄ የት እንደማኖረው ግን አልነገረኝም። ቀጥሎ ያመጣው በዳክዬ ላባ የተሞላ፣ ሲይዙት የሌለ ያህል የሚቀል ነበር፤ የላባ ሙቀት እውነት ነው፤ ነገር ግን ላባ በላብና በዝናብ ሲርስ ይጣበቅና አየር መያዙን ይተዋል፤ ስለዚህ የእኔ ዓይነቱ ላበታም ሰው ሊቀርበው አይገባም። ሦስተኛው የላስቲክ ዝናብ ልብስ ነበር፤ ከውጭ ጠብታ አያስገባም፤ ከውስጥም ጠብታ አያስወጣም፤ ለባሹ ዳገቱን ሳይጨርስ ተቀቅሎ ያልቃል። ለዚህ መከራ መድኃኒቱን ሮበርት ጎር የተባለ አሜሪካዊ በ1969 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል፤ የዝናብን ጠብታ የሚመልሱ፣ የላብን እንፋሎት ግን የሚያሳልፉ እጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ነው፤ ጎር-ቴክስ ይሉታል። የዚህ ስም የተጻፈበት ጃኬትም በክምሩ ውስጥ ነበር፤ ስሙ የተሰፋበት ክር ግን ከጃኬቱ ክር ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ስለዚህ በራሴ ፈተና ተማመንሁ። ጨርቁን በአፌ ላይ ጠበቅ አድርጌ ይዤ በኃይል እፍ እላለሁ፤ ትንፋሼ ወደ ማዶ ከተሻገረ የኮሶዬም ነፋስ ይሻገራል፤ ካልተሻገረ ነፋሱም ይቀራል። ይህን በየተራው ስፈጽም ሻጩ፣ «ጋሼ፣ ጥሩምባ አይደለም እኮ!» እያለ ተሳቀቀ፤ በአጠገባችን የሚያልፉ አንዲት እናትም በልብሱ ላይ ያደረ ጋኔን የማስወጣ መስሏቸው አማትበው ዘወር አሉ።

ከክምሩ ሥር ያገኘሁት ትንፋሼን የከለከለው ስስ ጃኬት ሆነ። ከላይ እስከ ታች በዚፕ ይከፈታል፤ ጀርባው ከፊቱ ረዘም ይላል፤ ይህም በብስክሌት ላይ ወደ ፊት ያጎነበሰ ሰው ወገቡ ለነፋስ እንዳይጋለጥ ነው፤ እጅጌውም ክንድ ሲዘረጋ እስከ አንጓ ይደርሳል። ከሁሉ በላይ በሁለቱ ብብቶቹ ሥር ሙቀትን ለማስተንፈስ የተሠሩ ዚፖች ነበሩት። ሻጩ እነዚህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ሐቀኛ ልጅ ስለ ነበረም፣ «ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ ይሄስ ብብቱ ተቀዶ ዚፕ ገጥመውበታል፤ እቀንስልዎታለሁ» አለኝ። መምህር ነኝ፤ ያላወቀን ማስተማር ግዴታዬ ነው፤ ነገር ግን ዕለቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ ትምህርት አልነበረም።

ጃኬቱን ይዤ ስመለስ ቅኔ የሚያስተምሩት ጎረቤቴ መሪጌታ በደጃፋቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ሰሙስ ደኅና ነው፤ ወርቁ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ወርቁ ከሥር የሚለበሰው የሱፍ ሹራብ ነው፣ የኔታ» ብላቸው፣ በተማሪነታቸው ዘመን ደበሏቸውን ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርገው ለብሰው ቆሎ የለመኑበትን የደጋ ሀገር ሁሉ እየጠሩ እስከ ምሳ ሰዓት አቆዩኝ። ፍርዳቸው ግን ትክክል ነበር፤ ስስ ጃኬት ነፋስን ይመልሳል እንጂ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ሱፉ ነው፤ ሱፍ ደግሞ ከጥጥ የሚለየው ረጥቦ እንኳ ሙቀቱን ጨርሶ ስለማይጥል ነው። በእጅ የተፈተለ የደጋ በግ ሱፍ ሹራብ ገላ ይኮሰኩሳል፤ ይህን አልክድም፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ማንም ስለ መኮስኮስ አያስብም።

በደረት በኩል ለሚቀረው ብርድ የጥንት አውሮፓውያን ተወዳዳሪዎች መላ ነበራቸው፤ በተራራው ጫፍ ላይ ከተመልካች እጅ ጋዜጣ ተቀብለው ከልብሳቸው ሥር እየወተፉ ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በዘመናዊ ልብስ ስለ ወረደ ይህ አላስፈለገው ይሆናል፤ እኔ ግን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረውን አዲስ ዘመንን አጥፌ በደረቴ አኑሬ ስወርድ፣ ነፋስ በመከልከል ረገድ ርእሰ አንቀጹ ከስፖርት ዓምዱ እንደማያንስ አረጋግጫለሁ።

ያልጠቀስሁት የጃኬቱ ቀለም ነው፤ የሚጮህ ብርቱካን ሆኖ ጨረር የሚመልስ ጥብጣብ አለበት። ከኋላ ለሚመጣ አይሱዙ ከሩቅ ስለምታይ ደስ ቢለኝም፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይ ልጠጣ በቆምሁ ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አንሥተው መንገዱ መቼ እንደሚጠገን ጠየቁኝ፤ እኔም ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አልኋቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ ተራ የወረድህ እንደ ሆነ ክብደቱን ተወውና እፍ በልበት፤ ጀርባው የረዘመውንና እስከ ታች የሚከፈተውን ምረጥ፤ የተረፈህን ገንዘብ በሱፍ ላይ አውለው፤ ብብቱ ተቀዷል ብሎ ዋጋ የሚቀንስልህ ሻጭ ከገጠመህም ሌላ ገዢ ሳይደርስብህ ክፈል።