የአዲስ አምፕሊፋየር ባለቤት ጆሮ፦ የመላመድ ሂደት አጭር ጥናት

ስለ ሠርግ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ዕቁብ ብዙ ተጽፏል። አዲስ አምፕሊፋየር ገዝቶ ከስፒከሩ ፊት ዐይኑን ጨፍኖ ስለሚቀመጥ አባወራ ግን ይህ ነው የሚባል ጥናት የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በከፊል ለመሙላት ይሞክራል።

ሂደቱ የሚጀምረው በቅሬታ ነው። ባለቤቱ ዕቃውን ከካርቶን ያወጣል፤ የፊቱን ላስቲክ አይልጥም (ላስቲኩ የሚላጠው ዕቃው ሲበላሽ ነው)፤ ከዚያ በቃሉ የሚያውቀውን የማሕሙድ አሕመድ ካሴት ይከፍታል። ድምፁ ቀጠነበት። የድሮው ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ብልጭ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው የሚታወቅ ስለሆነና ሚስትም ቅርብ ስላለች አይነገርም።

እዚህ ላይ ሊቃውንት ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ገና አልተፍታታም፤ መቶ ሰዓት ይጫወትና ታየዋለህ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ፊዚክስ የተማረ በመሆኑ ብዙም አይጋበዝም። እሱ እንደሚለው ትራንዚስተር እንደ ጫማ ሲደረግ አይሰፋም፤ የሚፍታታው ጆሮ ነው። ጆሮም ቢሆን የድምፅን ረቂቅ ጠባይ አጥርቶ የሚይዘው ለጥቂት ሰከንዶች ነውና፣ ገመድ ተነቅሎ እስኪሰካ የድሮው አምፕሊፋየር ተረስቷል። ባለቤቱ አዲሱን የሚያወዳድረው ከትዝታ ጋር ነው፤ ትዝታን የሚረታ አምፕሊፋየር ደግሞ እስካሁን ገበያ ላይ አልዋለም።

ባለ 50 ዋቱን ሸጦ ባለ 100 የገዛ ሰው ጩኸቱ እጥፍ የሆነለት ይመስለዋል። ያገኘው 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም ዐሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። ጉዳዩ ለባለቤቱ አልተነገረውም፤ የጥናት ሥነ ምግባር አይፈቅድም።

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተሙት ጥናት ድምፅ ሲቀነስ ጆሮ ይበልጡን ቤዙን እንደሚያጣ አሳይቷል። ሁለቱ ሊቃውንት ያልመዘገቡት አንድ ነገር ቢኖር ከጓዳ የሚመጣውን «ኧረ ቀንሰው!» ነው። ይቀነሳል፤ ቤዙ ይጠፋል፤ «ይሄ ዕቃ ቤዝ የለውም» ይባላል።

ቀናት ሲያልፉ ዕቃው ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ የሚያርፈው አየር መውጫው ላይ ነው፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጥበታል። የመጀመሪያው ወገን ሊቃውንት «አሁን ድምፁ ሞቅ ብሏል» የሚሉት በዚሁ ሳምንት መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም። ሽሽ የሚለው የካሴቱ ድምፅ እንኳ፣ መጀመሪያ እንደ ጉድለት የተቆጠረው፣ አሁን «አየህ፣ ምንም ነገር አይደብቅም» እየተባለ ይወደስለታል።

መላመዱ መጠናቀቁ የሚረጋገጠው በእንግዳ ነው። ባለቤቱ እንግዳውን ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ ያስቀምጠውና «ዝም ብለህ ሳክስፎኑን ስማ» ይለዋል። እንግዳው ስኒውን እንደያዘ በአክብሮት ያዳምጣል። «ያምራል» ይላል። «ብሉቱዝ አለው?» ቀጥሎም ስንት እንደተገዛ ይጠይቃል። ይህ ዋጋ ሚስት ባለችበት ሲነገር በግማሽ የሚወርድበት ምክንያት ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል።